ሽማግሌዎች በከሪማ አልቤርጎ

የኔነሽ እባላለሁ፤ ኮምቦልቻ ውስጥ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ካለው ሰፈር ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬን በረንዳ ላይ አውጥቼ፣ ፊቴን ወደ መንገዱ አዙሬ ስሰፋ ነው የኖርኩት። ስለዚህ የጎረቤቴን የከሪማን ነገር ከእኔ የበለጠ አውቃለሁ የሚል ካለ ይምጣ፤ ወንበር አለ፣ ቁጭ ብለን እንከራከራለን።

ከሪማን በስሟ የሚያውቃት ጥቂት ሰው ነው። አገር የሚያውቀው ቤቷን ነው፤ «አልቤርጎው» ይሉታል። በሩ ላይ «ሰላም ማረፊያ» የሚል ታፔላ አለ፤ ራሷ ናት ያጻፈችው፣ ሰማያዊ ቀለም መርጣ። ታፔላውን የሚያነበው ግን ከሩቅ የመጣ እንግዳ ብቻ ነው። የሰፈሩ ሰውና የባጃጅ ሹፌሩ አልቤርጎ እንዳለ አለ። እኔ በዚህ ነገር ስንቱን ተጣልቻለሁ መሰላችሁ።

ቃሉ የጣሊያን ነው። ባሌ አግማስ፣ ነፍሱን ይማረው፣ ከአባቱ የለቃቀማት ትንሽ ጣሊያንኛ ነበረችው። አልቤርጎ ማለት ጣሊያን አገር መንገደኛ ከነሻንጣው ገብቶ፣ ታጥቦ፣ በልቶ የሚያድርበት የተከበረ ሆቴል ነው ይለኝ ነበር። ጣሊያን ሄደ፤ ቃሉ ደሴና ኮምቦልቻ ቀረ። እኛ አነሳነውና መጀመሪያ ለመንገደኛ ማደሪያ አደረግነው። ቀጥሎ ክፍሎች በረድፍ የተሠሩበትን ግቢ ሁሉ አልቤርጎ አልን። ኋላማ «እገሌ አልቤርጎ ሲገባ ታየ» ከተባለ ሰው አፉን በእጁ ሸፍኖ የሚስቅ ሆነ። ቡና ቤትስ ቢሆን? ሲኒ የሚባል ነገር ዞር ብሎበት የማያውቅ ቡና ቤት ስንት አለ። ሰዉ ያንን ሥራ በራሱ ስም መጥራት ያፍራል፤ አፍሮ ግን አይቀርም፣ ይሄዳል፤ ስለዚህ የአልጋውንም የቡናውንም ስም ያበላሻል። ሴቶቹንም ሴተኛ አዳሪ ይላቸዋል። ብትፈቱት ያለ ወንድ ለብቻዋ የምታድር ሴት ከማለት ሌላ ምን ክፉ ነገር አለበት? እኔም አግማስ ከሞተ ወዲህ ለብቻዬ ነው የማድረው። እስቲ ወንድ የሆነ በዚያ ስም ይጥራኝ።

ከሪማ የሐርቡ ልጅ ናት። ገና ጡት ሳታወጣ ለማትፈልገው ሰው ሊድሯት ሲሉ ማሽላ በጫነ መኪና ላይ ወጥታ ኮምቦልቻ ገባች። የሚያውቃት የለ፣ የምታውቀው የለ። ያስጠጋቻት የአልቤርጎው ባለቤት ወይዘሮ ሥርጉት ናት። ሥርጉት እጇ የተፈታ፣ ምላሷ ደግሞ የሚያቃጥል ሴት ነበረች። ከሪማ መጀመሪያ አንሶላ አጠበች፤ ዕድሜዋ ከፍ ሲል እንደ ሌሎቹ ሴቶች ሠራች። ይህን በሹክሹክታ አልናገርም። እሷም ቢሆን ለጠየቃት አትደብቅም ነበር።

ከዚያ ተውፊቅ መጣ። አናጢ ነው፤ የደጋን ከተማ ሰው፤ ሥርጉት የክፍሎቹን በሮች እንዲያድስ ቀጥራው ነው የመጣው። አንድ ሳምንት የማይሞላውን ሥራ ክረምቱ እስኪወጣ ጎተተው። ዛሬ መላግ፣ ነገ ማጠፊያ፣ ከነገ ወዲያ በሩ ይንቋቋል ይላል። ሥርጉት በር ነው የምትሠራው ወይስ መርከብ ብላ ትጮህበት ነበር። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ነገሩ ገብቶት ከሪማ ብቻ አልገባትም። በመጨረሻ ወይዘሮ ሥርጉትን እንደ እናት ቆጥሮ ሽማግሌ ላከባትና፣ ሰውየው ከልቡ መሆኑን ስታይ ሥርጉት ራሷ አለቀሰች። ኒካህ ታሰረ። ሰው ስንት ነገር ተናገረው፤ እሱ ግን የሰማም አይመስል፣ መዶሻውን ይዞ ሥራው ላይ ነው። ሙና ተወለደች። ወይዘሮ ሥርጉትም ዘመድ ስላልነበራት ቤቱን በምስክር ፊት ለከሪማ አወረሰቻትና ሞተች።

ከሪማ ያንን ሥራ በዚያው ሳምንት አስቆመችው። ሴቶቹን ግን አላባረረችም። መሄድ የፈለገች ሄደች፤ መቅረት የፈለገች ቀረች፤ ዛሬ ወጥ ቤቱን የምትመራው ከእነሱ አንዷ ናት፤ ሽሮዋን የበላ ሌላ ቤት አይሄድም። አሁን እዚያ የሚያድሩት የፋብሪካ ልጆችና ለባቲ ገበያ የሚመጡ ነጋዴዎች ናቸው። አንዳንዱ ሰካራም ግን የድሮውን እያሰበ ይመጣል። ከሪማ የታጠፈ አንሶላ ታሳየውና እዚህ ያለው እንቅልፍ ብቻ ነው ብላ ትመልሰዋለች። ተውፊቅ ሙና ገና ትምህርት ቤት ሳትገባ በሕመም ሞተባት፤ ከዚያ ወዲህ ቤቱንም ልጅቱንም ብቻዋን ነው ያቆመችው።

ሙና አሁን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ ናት። ሸጋ ልጅ ናት፤ እናቷን የሚያስንቅ ግትርነት አላት። እዚያው ፋብሪካ ማሽን የሚጠግን ሂሻም የሚባል የደሴ ልጅ አለ፤ ተዋደዱ። አባቱ ኑርሁሴን እዚያው ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ወፍጮ ቤት ያላቸው፣ ስማቸው የተከበረ ሰው ናቸው። ቅዳሜ ሽማግሌ ይዘው እንደሚመጡ ሂሻም ሲናገር ሙና በደስታ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት።

ከሪማ ግን በማግስቱ ጧት እኔ በረንዳ መጥታ ቁጭ አለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ሽማግሌዎቹ መጥተው አልቤርጎ ገቡ ከተባለ ነገሩ እዚያው ያበቃል አለችኝ። ልጄ በእኔ የድሮ ነገር ትቅር ወይ ብላ አለቀሰች። ከሪማ ስታለቅስ ከዚያ በፊት ያየሁት ተውፊቅ የሞተ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ የለመነችኝ ነገር ምን ይመስላችኋል? ሽማግሌዎቹን እኔ ቤት እንድንቀበላቸው ነው። የሙናን ቤት ለጠየቀ ሰው የልብስ ሰፊዋ የየኔነሽ ቤት ነው ተብሎ እንዲነገር። ሙና ስትሰማ ተቆጣች፤ እኔ በቤቴ አላፍርም፣ ሂሻምም ያውቃል፣ እዚያው ይምጡ አለች። እናቷ አልሰማቻትም። እኔ ደግሞ የተጨነቀ ሰው እምቢ ማለት አልችልም።

ከዚያ ሥራው ተጀመረ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ የክርስቲያን ድስት ለሼኽ አይቀርብም። ከሪማ የራሷን ድስት፣ የራሷን ሰሃን፣ ማንኪያዋን ሳይቀር አመጣች። በጉን የመስጊዱ ሰው አርዶ ሥጋው እኔ ጓዳ ገባ። ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ያለችውን የእመቤታችንን ሥዕል ላውርዳት ወይ አልኳት፤ ኧረ በአላህ ተያት፣ እሷ ምን አደረገች አለችኝ። እውነት ለመናገር ደስ አለኝ፤ ባወርዳት ቅር ይለኝ ነበር። ለጠየቀን ሰው ምን እንደምንል ሁሉ ተዘጋጀን። ውሸት አይደለም፤ እውነቱን ትንሽ ገለል ማድረግ ነው አልኩ። ያኔ የሚያስኬድ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ መጡ። ሦስት ናቸው፤ ኑርሁሴን፣ ሼኽ ጣሀ፣ እና የኑርሁሴን ጎረቤት አቶ እንየው። አቶ እንየው ማዕተባቸውን ያሰሩ ክርስቲያን ናቸው፤ በእኛ አገር ሽማግሌ ሲላክ እንዲህ ተቀላቅሎ ነው፣ ማንም አይደነቅበትም። የደሴን ብርድ አስበው ካፖርት ከነጋቢ ደርበው የሐረጎን ቁልቁለት ወርደዋል፤ ኮምቦልቻ ሲደርሱ ላባቸው በጆሯቸው ይወርዳል። ገና ከመቀመጣቸው አቶ እንየው የመንገዱን ነገር አወሩልን። ከመነኻሪያ ባጃጅ ሲይዙ የልብስ ሰፊዋ ቤት ይላሉ፣ ሹፌሩ አያውቅም። ግራ ቀኙን ጠያይቆ አሃ፣ አልቤርጎው አጠገብ ነዋ ይላል። ከዚያ የሼኽ ጣሀን ጥምጣም በመስታወቱ ያያል፣ ደግሞ ያያል፣ አባባ እዚያ ነው የምትሄዱት ብሎ ደጋግሞ ይጠይቃል። ሼኽ ጣሀ አዎን ልጄ፣ ፍጠን ሲሉት ሹፌሩ አፉን ከፍቶ ቀረ ብለው አቶ እንየው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔ ሳቅሁ። ከሪማ አልሳቀችም፤ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቅልላ ይዛለች። ኑርሁሴንም አልሳቁም፤ እሷን ያያሉ።

ምግቡ ሊቀርብ ሲል ሼኽ ጣሀ የቀትሩ ሰላት፣ ዙህር፣ መድረሱን አስታውሰው የሚታጠቡበት የውዱእ ውሃና መስገጃ ጠየቁ።

እኔና ከሪማ ተያየን። ድስቱን አስበናል፤ ሰሃኑን አስበናል፤ በጉን ማን ይረደው ብለን ሌሊት እንቅልፍ አጥተናል፤ ሰላት ግን አንዳችንም ጭንቅላት ውስጥ ውልም አላለ። እኔስ እሺ። ከሪማ ግን ሰግዳ የማትጠግብ ሴት ምን ነካት? በሰው ቤት ስትሆን የራስዋ ነገር ሁሉ ጠፍቷት ነዋ። ውሃውን ሰጠሁ። መስገጃ ከእኔ ቤት ከየት ይመጣል? ደግሞ ሲሰግዱ ፊታቸውን የሚያዞሩበት ቂብላው ወደየት እንደሆነ ሲጠይቁኝ በእጄ የጠቆምኩት ወደ ጓዳዬ ነው። ያኔ ሙና፣ ምንም ሳታስብ፣ እንደ ለመደችው ብድግ አለችና «ቆይ ከቤት ላምጣ» ብላ ወደ በሩ ሄደች።

«ከየት ቤት?» አሉ ኑርሁሴን።

ሙና በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ሼኽ ጣሀ እጅጌያቸውን እንደ ሰበሰቡ ወደ ግድግዳው ቀና ብለው ሥዕሉን አዩ፣ ከዚያ ከሪማን አዩ፣ ይህ ቤታችሁ አይደለም እንዴ ልጄ ብለው በለሆሳስ ጠየቁ።

ከሪማ ተነሣች። ይዛው የነበረውን ነጠላ ለቀቀችው።

«አይደለም አባቴ» አለች። «ቤቴ አልቤርጎው ነው። የሴቶች ቤት ነበር፤ እኔም ከሴቶቹ አንዷ ነበርኩ። ልጄ ግን ከኒካህ ነው የተወለደችው። እኔን ጠልታችሁ እሷን እንዳትተዉብኝ ብዬ ነው ሰው ቤት ያስቀመጥኳችሁ። ልጄ ጥፋት የለባትም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

አቶ እንየው የሚይዙት አጥተው ባርኔጣቸውን ያገላብጣሉ። እኔ እንባዬ መጣ፤ ደግሞ ኑርሁሴን አንድ ክፉ ቃል ከአፋቸው ቢያወጡ የማደርገውን አስቤ ጨርሼ ነበር፤ መቀሴ ቅርብ ነበረ። እሳቸው ግን የተቆጡበት ሌላ ነገር ነው።

«እኔን ያስከፋኝ የእርስዎ ቤት አይደለም፤ ከእርስዎ ቤት አስቀርተው ሰው ቤት ማስቀመጥዎ ነው» አሉ። «ሳላጠያይቅ ልጄን ልድር የመጣሁ መሰለዎት? ኮምቦልቻን ስጠይቅ ከረምኩ። ግማሹ አመሰገነዎት፤ ግማሹ አማዎት። የሚያሙዎትን ሰዎች ልብ ብዬ ሳዳምጥ፣ የትኛው ክፍል መስኮት እንዳለው፣ የትኛው በር እንደሚንቋቋ ሁሉ ያውቃሉ። እኔ ያፈርኩት በእነሱ ነው።»

አያችሁ እርስዎ ሲሏት? ከሪማን በዚህ ከተማ እርስዎ ያላት ሰው ሰምቼ አላውቅም። ነገሩን ሳስበው ደግሞ የእኛ ሞኝነት ገረመኝ። የወሎ ሰው ዘር ማንዘሩን ሳያጣራ ሽማግሌ ልኮ ያውቃል? ይህን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል፤ ሁለት ትልልቅ ሴቶች ተቀምጠን ግን ትዝ አላለንም። ሼኽ ጣሀም ያውቁ ኖሯል። የማያውቁት አቶ እንየው ብቻ ናቸው፤ አፋቸው ስለማይዝ እንዳልነገሯቸው እዚያው ፊታቸው ተናገሩ። አቶ እንየው ተቀየሙ፤ ለእኔ ሳትነግሩ ልጅ ልታስጠይቁኝ አመጣችሁኝ ብለው አኮረፉ።

ሼኽ ጣሀ ጫማቸውን መልሰው አጠለቁ። በእነሱ ወግ ሽማግሌ የሚቆመው ልጅቱ ካደገችበት ደጅ ነው፤ እስካሁን እኔ ቤት የተባለው ሁሉ እንዳልተባለ ይቆጠር አሉ። ሰላቱንም እዚያው እንሰግዳለን አሉ። ከሪማ የምትሰማውን ያመነች አልመሰለኝም፤ አብሽሪ ልጄ፣ ሂጂና ደጅሽ ላይ ቁሚ እስኪሏት ድረስ ፈዛ ነበር። ከዚያ እየሮጠች ወጣች። እኔም ተከተልኳት።

እኔ አያለሁ ብዬ ያላሰብኩት ሰልፍ በዚያ መንገድ ሄደ። ሼኽ ጣሀ ከነጥምጣማቸው ከፊት፣ ኑርሁሴን ጋቢያቸውን አስተካክለው ከጎን፣ ከኋላ ኩርፊያቸውን የረሱት አቶ እንየው የበጉን ወጥ ከነድስቱ በሁለት እጃቸው አቅፈው፤ እንጀራውን ሙና ይዛለች። የባጃጅ ሹፌሮቹ ሞተራቸውን አጠፉ። ከፊት ለፊት ካሉት ሱቆች ሰው ደጃፍ ላይ ወጣ። ከሪማን ሲያሙ የኖሩ አንድ ሁለቱን አይቻቸዋለሁ፤ ወደ ሰማይ ያዩ ነበር፣ ዝናብ እንዳለ። ጠራራ ፀሐይ ነው።

ሽማግሌዎቹ ከበሩ ላይ ሲደርሱ አልገቡም። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ከሪማ መድረኩ ላይ ቆማለች፤ እኔ ከጎኗ ነኝ። ሦስቱም ከታች በረድፍ ቆሙ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ የቤቱ ባለቤት» አሉ ሼኽ ጣሀ፤ ድምፃቸው እስከ ማዶ ይሰማል። «ከደጅሽ ቆመናል። ካልፈቀድሽልን አንገባም።»

ከሪማ ሰላምታውን መለሰች። ግቡ ግን አላለችም። ቆማ ታያቸዋለች። ጥቂት ጠበቅሁ። ሼኽ ጣሀ ግንባራቸው ላይ ላብ ይንቆረቆራል፤ ኑርሁሴን አንገታቸውን ዝቅ አድርገው እጃቸውን አጣምረዋል፤ የአቶ እንየው ክንድ በድስቱ ክብደት መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ጆሮዋ ላይ ጠጋ ብዬ፣ ምን ነካሽ፣ አዛውንቶቹ ፀሐይ ላይ እኮ ናቸው፣ ግቡ በያቸው እንጂ አልኳት።

ዓይኗን ከእነሱ ላይ ሳታነሣ በቀስታ መለሰችልኝ።

«ከተውፊቅ በቀር እዚህ ደጅ ቆሞ ያስፈቀደኝ ወንድ የለም የኔነሽ። ትንሽ ይቁሙልኝ።»

እኔም አብሬያት ቆሜ አየኋቸው።